ሠርግ በንጉሡ ሠ

እኔ ሰው የማላምን ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ ከመጀመሪያው እንድንግባባ ብዬ ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስንት ሰዓት ነው ብሎ ከጠየቀኝ፣ ሰዓቱን ከመንገሬ በፊት ለምን እንደፈለገው አስባለሁ። አትላስ አካባቢ ምሳ ልበላ ገብቼ አስተናጋጁ «ዛሬ ዓሣው ቆንጆ ነው» ካለኝ፣ ዓሣው ከትናንት የተረፈ መሆኑን እገምትና ሽሮ አዛለሁ። እናቴ ይህን ጠባዬን «የአባቱ ነው» ትላለች። አባቴ በሕይወት ሳለ ደግሞ «የእናቱ ነው» ይል ነበር። የማንኛቸውን እንደማምን እስካሁን አልወሰንኩም።

እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው። ኦሎምፒያ ካለ አንድ ቢሮ ተቀምጬ ድረ ገጽ እሠራለሁ። የእኔ ድርሻ ሰዎች ድረ ገጹ ላይ የሚጽፉትን መፈተሽ ነው። ስም በተባለበት ስም፣ ስልክ በተባለበት ስልክ መጻፉን አያለሁ፤ የተዝረከረከውን አስተካክዬ አስገባለሁ፤ ያላመንኩትን እመልሳለሁ። በአጭሩ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ባለማመኔ ነው። ጠባዩና ሙያው እንዲህ የገጠመለት ሰው ካያችሁ አሳዩኝ።

እንግዲህ ባለፈው ጥር ታናሽ እህቴ ሠናይት አገባች። አዳራሹ ቦሌ ውስጥ ነበር፤ ሠርግ በበዛበት ወር የተገኘ አዳራሽ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ገና ሳይገባበት ይኮራበት ነበር። እናቴን ያስጨነቃት ግን ያልተጠራ እንግዳ ነው። የአንዲት ጓደኛዋ ልጅ ሠርግ ላይ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ገብተው፣ በልተው፣ ጨፍረው፣ መጨረሻ ላይ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ተነሥተው መሄዳቸውን ሰምታለች። የሙሽራዋ ወገኖች የሙሽራው ዘመዶች ናቸው ብለው፣ የሙሽራው ወገኖችም የሙሽራዋ ናቸው ብለው ነው አሉ ያሳለፏቸው። እኔ ይህን ስሰማ እንደ ሌላው ሰው አልሳቅኩም። የሰው ልጅ ጠቅላላ አካሄድ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

«በሩን ለእኔ ተዉት» አልኩ።

እናቴ በኩራት አየችኝ። ያ አስተያየት ብዙ አልቆየም።

ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው። አንድ ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ አድራሻው ለተጠሩት ሁሉ በቴሌግራም ይላካል፤ እያንዳንዱ ገብቶ ስሙን ይጽፋል። የሠርጉ ቀን በሩ ላይ የሚቆመው ጥበቃ የመጣውን ሰው ስም ታብሌት ላይ ይጽፋል፤ የተመዘገበ ከሆነ አረንጓዴ ይበራል፤ ካልሆነ ወይም ያ ስም ቀድሞ የገባ ከሆነ ቀይ። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ አንድ ጊዜ።

የስም መፈተሻውን ሕግ ከባዶ ላለመጻፍ ከኢንተርኔት ላይ አንድ ፈረንጅ የጻፈውን አገኘሁና ወሰድኩ። እያንዳንዱ ስም ቢያንስ ሦስት ፊደል ይኑረው ይላል። እኔ በበኩሌ ስሙ ከነአያት ሦስት ቃል ይሁን፣ ከፊደል ሌላ ነጥብም ጭረትም አይኑረው የሚል ጨመርኩበት። ከዚያ አድራሻውን በትኜ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያዋ ተመላሽ የሠናይት አንደኛ ሚዜ ሆነች። ስሟ ሊያ ነው። ፈረንጁ ሊያን ሲጽፍ አራት ፊደል ትሆንለታለች፤ በእኛ ፊደል ሁለት ብቻ ናት። ልጅቷ ከሠናይት ጋር አብራ ያደገች፣ ቀሚሷን ያሰፋች፣ ጭፈራ ስትለማመድ የከረመች ልጅ፣ «እባክዎ እውነተኛ ስምዎን ያስገቡ» ተባለች። ለሠናይት ደውላ አለቀሰችባት። ሠናይት ደግሞ ወደ እኔ መጥታ ሳታለቅስ የምትለውን አለችኝ።

ከዚያ አጎቴ ጋሽ በዛብህ ወደቁ። እሳቸው ድሮ በተማሩት ሥርዓት በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ፣ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አድርገው ነው ስማቸውን የጻፉት። ማሽኑ ነጥቡን ሁሉ እንደ ጥቃት ቆጠረው። ወ/ሮ ብለው የጻፉ ሴቶች በሙሉ በዚያች ጭረት የተነሣ ተመለሱ፤ የእናቴ የጽዋ ማኅበር ለአንድ ሳምንት ያህል ሠርጉ ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ሀጂ ከድር ቤታችን ድረስ መጡ። ሀጂ ሠናይትን ከሕፃንነቷ የሚያውቋት፣ አባቴ ሲሞት ድንኳኑን ራሳቸው ቆመው ያስተከሉ ሰው ናቸው። እናቴ ሻይ አቀረበችላቸው። ሻዩን አልነኩትም።

«ልጅሽ የሠራው ነገር ስሜ ልክ እንዳልሆነ ነገረኝ» አሏት፤ እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ብለው ጻፉ፣ ሀጂ?» አልኳቸው።

«ስሜን ነዋ። ሀጂ ከድር ሁሴን ከነባለቤቱ።»

«ችግሩ እሱ ነው። ሀጂ ማዕረግ እንጂ ስም አይደለም። ከነባለቤቱም ስም አይደለም። ማሽኑ የሚቀበለው ስም ብቻ ነው።»

ሀጂ የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አደረጉት። «ሀጂነቴን ያገኘሁት መካ ድረስ ሄጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ባለቤቴን ያገኘኋት አንተ ሳትወለድ ነው። የትኛውን ልተውልህ?»

እናቴ እስከ በር ሸኝታቸው ስትመለስ ፊቷን አየሁና ቀድሜ ተነሣሁ።

«ወይ ማሽኑን ታስተካክላለህ፣» አለችኝ፣ «ወይ የሠርጉ ቀን በሩ ላይ ቆመህ እንግዶቼን አንድ በአንድ እያቀፍክ ታስገባለህ።»

ማቀፍ አልወድም። ማሽኑን አስተካከልኩት። ማዕረግ ተፈቀደ፤ ነጥብና ጭረት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እየጠረገ እንዲቀበል አደረግኩ፤ አጭር ስምም፣ ሁለት ስምም፣ ከነባለቤቱም ሆነ ከነቤተሰቡ ገባ። በሩን ስከፍተው ግን ሌላ ነገር ተከተለኝ።

መቼም አማርኛ አንባቢ ናችሁና ነገሩ አይጠፋችሁም። ሃሌታው ሀ አለ፤ ሐመሩ ሐ አለ፤ ብዙኃኑ ኀ አለ። እሳቱ ሰ አለ፤ ንጉሡ ሠ አለ። ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አና ዓይኑ ዐ። ሞክሼ ፊደላት እንላቸዋለን፤ መልካቸው ለየቅል፣ ድምፃቸው አንድ። ለጆሯችን ወንድማማች ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ጭራሽ አይተዋወቁም። እህቴ ስሟን በንጉሡ ሠ ነው የምትጽፈው፤ በእሳቱ ሰ የጻፈላትን ሰው አርማ ትመልሳለች። ኮምፒውተሩ ዘንድ ሠናይትና ሰናይት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ወንበር ይያዝላቸዋል።

አንድ ጠዋት ቢሮ ቁጭ ብዬ የተመዘገቡትን ስም ስመለከት ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ኃይለሚካኤል ፀጋዬ። ከእሱ በታች ሀይለሚካኤል ፀጋዬ። ዝቅ ብሎ ሐይለሚካኤል ጸጋዬ። ከዚያ ሃይለ ሚካኤል ፀጋየ፣ በመሐሉ ክፍት ቦታ የተተወበት። እንዲህ እያለ ይወርዳል።

ኃይለሚካኤል ፀጋዬ ማለት በጥሪ ካርዱ ላይ የተጻፈው የሙሽራው የናትናኤል አባት ስም ነው። እኔ ሰውዬውን አይቻቸው አላውቅም። ለሽምግልና የመጡት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ቀለበቱ ጊዜ ደግሞ ለሥራ ከከተማ ወጥቼ ነበር። ስለዚህ ያሰብኩት ይህን ነው፤ አንድ አጭበርባሪ ካርዱ ላይ ያየውን የሙሽራውን አባት ስም እየቀያየረ በመጻፍ ለአንድ ጭፍራ ሙሉ ቦታ እየያዘ ነው። በየሀው አንድ አንድ ሰው ያስገባል። በጣም ደነገጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን በጣምም ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን ስጠረጥር የኖርኩት ሰው በመጨረሻ መጣ።

ሠናይትን ልጠይቃት ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ወንበር ላይ ቆማ ቀሚሷ ሲለካ አገኘኋት።

«የናቲን አባት በደንብ ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

«ነግሬህ የለ እንዴ ስለሳቸው? ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

በጥርጣሬ አየችኝ፤ እሷም የዚያው ቤት ልጅ ናት። ነግራኛለች፤ አልዋሽም፣ ከታጨች ጀምሮ ስለ ናቲ ቤተሰብ ብዙ ስትነግረኝ ነበር። የእኔ ችግር ሰው ሲነግረኝ የማዳምጠው ያልነገረኝን መሆኑ ነው። የምትለውን ትቼ የምትደብቀውን ስፈልግ፣ የምትለው አለፈኝ።

አድራሻ መጻፍ ግዴታ ስላልነበረ፣ ከዚያ ሁሉ ምዝገባ ውስጥ አድራሻ የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነበር፤ ጉርድ ሾላ፣ የቤት ዕቃ መለዋወጫና የበር ቁልፍ የሚሸጥ ሱቅ። በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ሄድኩ። ሱቁን አገኘሁት። ከባንኮኒው ኋላ አንድ ደልደል ያሉ፣ ሰው ሲገባ ፊታቸው የሚፈታ ሰውዬ ተቀምጠዋል። እኔ እንዲህ ዓይነት ፊት ስለማላምን የበለጠ ተጠነቀቅኩ።

«መቆለፊያ ፈልጌ ነበር» አልኩ።

«ለምን ዓይነት በር?»

ይህን አላሰብኩበትም። «ለተራ በር።»

«ተራ በር የሚባል የለም፣ ልጄ። እንጨት ነው፣ ብረት?»

«ብረት።»

«ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ወደ ውጭ?»

«እንደ ሁኔታው ነው» አልኩ። ሰውዬው ቀና ብለው አዩኝና ሁለት ዓይነት መቆለፊያ አወረዱልኝ። አንዱን እያገላበጥኩ ወሬ ጀመርኩ። ቅዳሜ ሱቅ እንደሚከፍቱ ጠየቅኳቸው።

«ቅዳሜማ እዘጋለሁ። የልጄ ሠርግ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ራሱ የሠርግ ልብስ ለበሰ ማለት ይቻላል። «ናቲ ይባላል። ከዚህች ቁመት ጀምሮ እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገው።»

«እንኳን ደስ አለዎት። ማን ልበል፣ አባት?»

«ኃይለሚካኤል እባላለሁ።»

ልቤ ቀለል አለኝ፤ በከፊልም ቅር አለኝ። አጭበርባሪ የለም ማለት ነው። የሙሽራው አባት ራሳቸው ናቸው። አፍንጫቸውን አየሁት፤ ቁርጥ የናቲ አፍንጫ ነው። ዛሬም ቢሆን መመሳሰሉን በዓይኔ ማየቴን እምልላችኋለሁ።

«አሁን አሁን ለሠርግ በኢንተርኔት መመዝገብ አለ ይላሉ፤ አያስቸግርም?» አልኳቸው።

«ያስቸግራል እንጂ፣ በጣም ነው ያስቸገረኝ» አሉ። «የሙሽራይቱ ወንድም ነው አሉ የሠራው። ትንሽ ነካ ያደርገዋል ይባላል ልጁን። እኅቱ ግን ወርቅ ናት።»

መቆለፊያውን ገዝቼ ወጣሁ። የሚገጠምበት በር ቤታችን ውስጥ የለም።

ነገሩ ተፈታልኝ። ሽማግሌው ምዝገባው አስቸግሯቸው ደጋግመው ሞክረዋል፤ በሞከሩ ቁጥር ፊደሉ ተቀያይሯል፤ ማሽኔም የብዙ ሰው ምዝገባ አድርጎ ይዞታል። ጥፋቱ የሞክሼ ፊደላቱ ነው። ያን ዕለት ሀውን፣ ሐውን፣ ኀውን፣ ኃውን ሁሉ ወደ አንድ የሚመልስ፣ ክፍት ቦታ የሚያጠፋ፣ «የ» እና «ዬ»ን የሚያስታርቅ ነገር ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ስሙ አንድ የሆነውን ሁሉ አንድ ሰው አደረግኩት። የእንግዳው ብዛት ዝቅ ሲል ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ማሽኑ ደግ ቃል ተናገረች። የኃይለሚካኤሎች ሰልፍም አንድ አባት ሆኖ ቀረ።

የሠርጉ ቀን በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ታደሰ ይባላል። ረጅም፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው፤ ከጅምሩ ወደድኩት። ጠዋት አብረን ተለማመድን።

«አንድ ሰው መጥቶ የሙሽራው አጎት ነኝ ቢልህስ?» አልኩት።

«ታብሌቱ ምን ይላል እላለሁ።»

«ቢቆጣስ?»

«ታብሌቱ ምን ይላል እላለሁ።»

«የሙሽራው አባት ነኝ ቢልህስ?»

ታደሰ ትንሽ አመነታ። «እሱንም?»

«እሱን በተለይ» አልኩት።

እንግዳው መግባት ጀመረ። ሀጂ ከድር ከነባለቤታቸው አረንጓዴ። ጋሽ በዛብህ ከነነጥባቸው አረንጓዴ። የጉርድ ሾላው ሰውዬ በጊዜ መጡ፤ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ አረንጓዴ። ውስጥ ቆሜ ስለነበር በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አንተ ከእኔ መቆለፊያ የገዛኸው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ አባት።»

«ሠራ?»

«ሠራ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ ፊተኛው ወንበር ሄዱ። ደጋግመው እየዞሩ ያዩኝ ነበር። እኔ የማውቀው ዓይነት አስተያየት ነው፤ ከሌላ ሰው ሲመጣ ደስ አይልም።

ሙሽሮቹ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ስልኬ ጠራ። ታደሰ ነው። «አንድ ሰው አለ። ቀይ ነው የሚለው፤ ግን አልሄድም ብለዋል» አለኝ።

ወጣሁ። በሩ ላይ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ቆመዋል። ሱፋቸው የተጨማደደ፣ ጫማቸው አቧራ የለበሰ ነው። በአንድ እጃቸው ሻንጣ ይዘዋል፤ በሌላኛው ብብት ሥር በገመድ የታሰረ ካርቶን ሸጉጠዋል። ለሠርግ የመጣ ሰው ሻንጣ ምን ያደርግለታል? እኔ መልሱን ስፈልግ አልቆየሁም፤ ምግብ ሊጭንበት ነው።

«ምን ነበር፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ለሠርጉ መጥቼ ነው። ይህ ልጅ ገብተሃል ይለኛል። አልገባሁም፤ ይኸው ውጭ ነኝ።»

«ማን ልበል?»

«ኃይለሚካኤል ፀጋዬ። የሙሽራው አባት ነኝ።»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ውስጤ ሞቀ። አጭበርባሪዬ ቀረ ብዬ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ከነሻንጣው መጣልኝ።

«የሙሽራው አባት ውስጥ ተቀምጠዋል» አልኳቸው፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ጨዋ ሰው።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ማነው እሱ?»

«አቶ ኃይለሚካኤል ፀጋዬ።»

«እሱማ እኔ ነኝ።»

«መታወቂያ ይዘዋል?»

ሻንጣቸውን አስቀምጠው ከደረት ኪሳቸው አወጡ። አየሁት። ሀይለሚካኤል ፀጋየ ይላል፤ በሃሌታው ሀ፣ በ«የ»። ታብሌቱ ላይ ደግሞ ኃይለሚካኤል ፀጋዬ ነው ያለው።

«ፊደሉ አይገናኝም» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ፊደላቱን ሁሉ አንድ ናቸው ብዬ ያዋሐድኩት፣ ማሽኑን ያስተማርኩት ሰው ነኝ። ታደሰ ራሱ ዞር ብሎ አየኝ።

«ቀበሌ የጻፈው እንዲህ ነው፤ እናቴ ያወጣችልኝ ስም አንድ ነው» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና፣ «ልጄ፣ ከድሬዳዋ ነው የመጣሁት። የተሳፈርንበት መኪና አዋሽ ላይ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ነው ያነጋሁት። ልጄ ሲገባ ልየው፤ ከፈለግህ ከዚሁ ከበሩ አያለሁ» አሉኝ።

መልስ ሳልሰጥ የጡሩምባ ድምፅ መጣ። መኪኖቹ ተከታትለው ከመንገዱ ታጠፉ፤ የቪዲዮ ቀራጩ ወደ ኋላ እየሮጠ ይቀርጻል። ናቲ ከመኪናው ወርዶ ለሠናይት እጁን ሊሰጥ ሲል ወደ በሩ አየና ቀጥ አለ። ሙሽራዋን እዚያው ትቷት መጣ። እጃቸውን አልጨበጠም፤ ከነካርቶናቸው አቅፎ አነሣቸው።

«አባዬ፣ ለምን ውጭ ቆምክ?» አለ።

የቆምኩበት መሬት ቢከፈት ሳልጠራጠር የምገባበት ሰዓት ነበር። ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። ልብሳቸውን አስተካከሉ።

«ከሠናይት ወንድም ጋር ስንተዋወቅ ነው» አሉ። «ጥሩ ልጅ ነው። ሰውን በደንብ ይጠይቃል።»

ሠናይት በዚያ ሁሉ ቀሚስ ተጎትታ ደረሰች። ካሜራው ፊቷ ላይ ስለሆነ ፈገግታዋን አላጠፋችም፤ ጥርሷን ሳትገልጥ ግን፣ «ምንድን ነው ያደረግኸው?» አለችኝ። እኔም ፈገግ እያልኩ፣ «በኋላ» አልኳት። ያ ቪዲዮ አለ፤ የሚያዩት ሰዎች ሁሉ ወንድምና እህት እንዴት ቢዋደዱ ነው ይላሉ።

አዳራሹ ውስጥ የጉርድ ሾላው ሰውዬ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «ሞክሼ» አሉ። «ሞክሼ» አሉ የድሬዳዋውም፤ ተቃቅፈው ቆዩ። ሞክሼ ፊደል ብቻ ሳይሆን ሞክሼ ሰው መኖሩ የገባኝ ያኔ ነው። ስማቸው እስከ አባታቸው አንድ ነው። ወጣት ሆነው አንድ ሰፈር ተከራይተው ሲኖሩ በዚህ ነው የተዋወቁት፤ የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው እየደረሰ። የናቲ እናት ልጁ ትንሽ ሳለ አረፈች። አባቱ ድሬዳዋ የአንድ ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ሆነው ሲሄዱ፣ ልጁን አዲስ አበባ ያሳደጉት የክርስትና አባቱ፣ ሞክሼያቸው ናቸው። ሠናይት ይህን ሁሉ ነግራኝ ነበር። ያውም ደጋግማ።

ምሳው ተነሥቶ ጭፈራው ሲሞቅ እኔ ከአንድ ምሰሶ ኋላ ቆሜ ነበር። የድሬዳዋው ሽማግሌ በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ካርቶኑን ፈትተው ከድሬ ያመጡትን ሐልዋ ቆርሰው ሰጡኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ያ የምንመዘገብበት ነገር ያንተ ሥራ ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ አባቴ። አስቸገርኩዎት፤ ደጋግመው ለመመዝገብ ተገደዱ።»

«አልተገደድኩም» አሉ። ጭፈራውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ሲመዘገቡ መጨረሻው ላይ ፎቶ ይመጣል፤ የሁለቱ፣ እየሳቁ» አሉ።

እኔ ረስቼው ነበር። ከምዝገባው በኋላ «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ላይ ሠናይት ይግባልኝ ብላ የጨቀጨቀችኝ ፎቶ ነው። ለመልክ ያህል ካልሆነ ምን ይሠራል ብዬ ተከራክሬያት ነበር።

«ቀለበቱ ላይ አልነበርኩም፤ መጋዘኑን የምተውለት ሰው አጣሁ» አሉ። «ፎቶ ላኩልኝ ማለት ደግሞ እንዴት እላለሁ? ልጅ ሳለ እንኳ እያየሁ ያላሳደግኩትን ልጅ። ያንተ ላይ ስጽፍ መጣልኝ። ማታ ልየው ብዬ ስከፍት የለም። እንደገና ስሜን ጻፍኩ፤ ይህ ስም ተመዝግቧል አለኝ። ሐውን ቀየርኩት፤ አመጣልኝ። በማግስቱ ጸውን ቀየርኩ። ፊደል እስኪያልቅብኝ እንዲህ ሳደርግ ከረምኩ።» ከዚያ ፊቴን አዩና፣ «ክልክል ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«ክልክል አይደለም» አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ ሐልዋዬን በላሁ።

ፎቶውን እዚያው ስልካቸው ላይ ልጫንላቸው ብዬ ተቀበልኳቸው። አሮጌ ስልክ ነው፤ ሞልቷል፣ አልቀበልም አለ። የሚጠፋ ነገር ልፈልግ ስል ተቀበሉኝ። «ተወው፣ አታድክመው» አሉ። በማግስቱ መልስ ነበር፤ ከዚያ ወደ ድሬዳዋቸው ተመለሱ።

ከሠርጉ በኋላ ድረ ገጹን አጠፋዋለሁ ብዬ ነበር። ሠርግ ያለቀበት ምዝገባ ለምን ክፍት ይሆናል? ሰው ይጠረጥራል። ግን አላጠፋሁትም። ምስጋናው ገጽ ላይ ያለውን ፎቶ አውጥቼ ሌላ አስገባሁ፤ ናቲና ሠናይት ሰሚት በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ፣ ናቲ ልብስ ሲያሰጣ እሷ ስትስቅበት። ስሙን እንዲያዋሕድ የጻፍኩትንም ነገር አነሣሁት፤ ሁሉም ፊደል በየራሱ እንዲቆጠር ተውኩት።

በሳምንቱ ቢሮ ገብቼ ሳየው አንድ ሰው ተመዝግቧል። ኅይለሚካኤል ጸጋዬ ይላል፤ ባልተለመደ ኅ። ቡናዬን አስቀምጬ ፎቶውን ልቀይር ተነሣሁ።